ቃሉ የማን ነው? ከስልክ ማዞሪያ እስከ ጥሪ ማዕከል

ዛሬ ስለ ምርጫም ሆነ ስለ ፓርቲዎች ንትርክ አልጽፍም። የምጽፈው ስለ አንድ የሥራ ዓይነት ታሪክ ነው። እስከ መጨረሻው የታገሠኝ አንባቢ ግን ጉዳዩ ከፖለቲካ እጅግም እንዳልራቀ የሚረዳልኝ ይመስለኛል። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ልንገራችሁ።

ወደ አሜሪካ ከመጣሁ በኋላ ሁለት ዓመት ያህል በአንድ የጥሪ ማዕከል ሠርቻለሁ። የድርጅቱን ስም መጥራት የሚጨምረው ቁም ነገር ስለሌለ እተወዋለሁ። ሥራው ከውጭ ለሚመለከተው ቀላል ነው። የጆሮ ማዳመጫዬን አጥልቄ ከኮምፒውተር ፊት እቀመጣለሁ፤ ጥሪው እኔ ሳልነካው ራሱ ይገባል፤ ከፊቴ ያለው ጽሑፍም ምን እንደምል ይነግረኛል። ሰላምታው የተጻፈ ነው፤ ማዘኔም የተጻፈ ነው፤ ስንብቱም የተጻፈ ነው። ደንበኛው ቢቆጣ የምለው፣ ቢያለቅስ የምለው፣ ዝም ቢል የምለው ሁሉ በየተራው ተሰድሯል። በስክሪኑ ጥግ ሰከንድ የሚቆጥር ሰዓት አለ። መጸዳጃ ቤት የሄድኩበት ደቂቃ ሳይቀር ተመዝግቦ በሳምንቱ መጨረሻ ከአለቃዬ ጠረጴዛ ላይ ይገኛል። በዚህ ሁኔታ በቀን ከ80 እስከ 90 ጊዜ «ስለደረሰብዎት መጉላላት ከልብ አዝናለሁ» እል ነበር። በቀን 90 ጊዜ ከልብ ማዘን ለሰው ልጅ ይቻለው እንደሆነ የጠየቀኝ ግን አልነበረም።

አንድ ምሽት አንዲት አሮጊት ደወሉ። እንግሊዝኛቸው የተሰባበረ ነው፤ በስክሪኑ ላይ የወጣው ስማቸው ግን ምንም አያጠራጥርም፤ የአገሬ ሰው ናቸው። ያልተጠቀሙበት ሂሳብ መጥቶባቸው ተጨንቀዋል። ስሜን በሰላምታው ላይ ሰምተውት ኖሮ፣ «ልጄ፣ ያገሬ ልጅ ነህ አይደል? እስቲ እባክህ በአማርኛ አስረዳኝ» አሉኝ። መመሪያው እንግሊዝኛ የማይችል ደንበኛ ወደ አስተርጓሚ አገልግሎት ይተላለፋል ይላል፤ ጥሪው ደግሞ ይቀዳል። እኔም ከፊቴ የተጻፈውን በእንግሊዝኛ አነበብኩላቸው፤ ጭንቀትዎ ይገባኛል፣ አስተርጓሚ እስከማገናኝዎት ድረስ እባክዎ በመስመር ላይ ይቆዩ። ጥቂት ዝም አሉ። ቀጥለውም «እሺ ልጄ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ብለው አስተርጓሚው ከመምጣቱ በፊት ስልኩን ዘጉት። በዚያ ሳምንት የተሰጠኝ የጥራት ነጥብ ከፍተኛ ነበር፤ ጽሑፉን ሳላዛንፍ ተከትያለሁና።

ያቺ ምሽት ለዓመታት አብራኝ ቆይታለች። ጠመንጃ የደገነብኝ አልነበረም። ታዲያ እናቴን በሚያህሉ ሴት ፊት በገዛ ምላሴ እንዳላዝበት ያደረገኝ ምንድን ነው? መልሱን ፍለጋ ወደ ኋላ ማንበብ ጀመርኩ፤ ያገኘሁትን እነሆ።

በመጀመሪያ ግን አንድ የተለመደ አስተሳሰብ ገለል ማድረግ ያስፈልጋል። ብዙዎች የዚህ ሥራ ሸክም መደጋገሙ ነው ይላሉ። መደጋገም ብቻውን ሰው የሚሰብር ቢሆን ኖሮ እኛ ኢትዮጵያውያን ገና ድሮ በተሰበርን። ሰላምታችን እንኳ ድግግሞሽ ነው፤ እንደምን አደራችሁ፣ ደህና ናችሁ፣ ልጆች ደህና ናቸው፣ ከብቱ ደህና ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን፤ ይኸው መልሶ መላልሶ በየማለዳው ይባላል። በቤተ ክርስቲያን 41 ጊዜ እግዚኦ የሚል ምእመን ደክሞት ሳይሆን ቀሎት ይወጣል።

ስልክን ራሱን ብንወስድም ነገሩ ያው ነው። ስልክ ወደ አገራችን የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በ1894 ሲሆን፣ አዲስ አበባን ከሐረር ያገናኘው መስመር 477 ኪሎ ሜትር ይረዝም ነበር። እኔ ባደግሁባት አነስተኛ የክፍለ ሀገር ከተማ የቴሌ ጣቢያው ሠራተኛ ቀኑን ሙሉ «ሀሎ፣ ሀሎ፣ ይሰማል?» ሲል ይውል ነበር። ነገር ግን ማን ከማን ጋር እንደሚነጋገር ያውቃል፤ ተፈላጊውን ሰው የሚጠራ ልጅ ይልካል፤ መርዶ ከሆነ ደዋዩን አባብሎ አስቀድሞ ለዘመድ ያስነግራል። ቃሉ ይደጋገም እንጂ የራሱ ነበር። ሲያሻው ይጨምርበታል፤ ሲያሻው ይቀንስበታል፤ ሲሳሳትም ከተማው የሚወቅሰው እርሱን ነው። እንግዲህ ልዩነቱ ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ ይህን ይዘን ወደ ታሪኩ እንግባ።

የመጀመሪያው የንግድ ስልክ ማዞሪያ በአሜሪካዋ ኒው ሄቨን ከተማ ሥራ የጀመረው በጥር 1878 ነው። ኩባንያዎቹ በማዞሪያው ላይ ያስቀመጧቸው ከቴሌግራፍ ሥራ የመጡ ልጆች ነበሩ። ልጆቹ ግን ይቀልዳሉ፣ ከደንበኛ ጋር ይሰዳደባሉ። በዚያው ዓመት በመስከረም ወር ኤማ ነት የተባለች ሴት ቦስተን ውስጥ ተቀጠረች፤ የመጀመሪያዋ ሴት የስልክ ኦፕሬተር ተብላ የምትታወቀውም እርሷ ናት። ድምፅዋና ትዕግሥቷ ስለተወደደ ሌሎች ሴቶች ተከተሏት፤ ጥቂት ቆይቶም ሥራው የሴቶች ሥራ ሆነ። ልብ በሉ፤ እጅ ብቻ ሳይሆን የድምፅ ለስላሳነትም በደመወዝ መገዛት ጀመረ ማለት ነው።

ደንበኛው ሲበዛ ኩባንያዎቹ ኦፕሬተሯ የምትናገራቸውን ቃላት አንድ በአንድ ወሰኑ። «ቁጥር እባክዎ»፣ «መስመሩ ተይዟል»፤ ከዚህ የዘለለ ወሬ የተከለከለ ነው። ከረድፉ ኋላ ተቆጣጣሪ ይመላለሳል፤ በመስመሩ ገብቶ የሚያዳምጥም አለ። ለፍርድ ያህል፣ ነገሩ ምክንያት አልነበረውም ማለት አይቻልም። በሚንኮሻኮሽ መስመር ላይ የታወቀ አጭር ቃል ከረጅም ንግግር ይልቅ ቶሎ ይሰማል፤ ለሁሉም ደንበኛ እኩል መስተንግዶም ይሰጣል። ስክሪፕት የምንለው ነገር ሲወለድ ለሥራው የሚጠቅም መሣሪያ ነበር። ጥያቄው መሣሪያው መቼ ጌታ ሆነ የሚለው ነው።

ሸክሙ ለመጀመሪያ ጊዜ በአደባባይ ከተመሰከረባቸው ቦታዎች አንዱ ካናዳ ነው። በቶሮንቶ የቤል ስልክ ኩባንያ ከ1903 ጀምሮ ኦፕሬተሮቹን በቀን 5 ሰዓት ያሠራ ነበር። በ1907 መግቢያ ላይ ወደ 8 ሰዓት እመልሳለሁ ሲል ከ400 በላይ ሴቶች ሥራ አቆሙ። መንግሥት መርማሪ ኮሚሽን አቋቋመ፤ ከኮሚሽነሮቹ አንዱ ኋላ የካናዳ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆኑት ማኬንዚ ኪንግ ነበሩ። ኦፕሬተሮቹ ስለ ድካማቸውና ከረጅም ርቀት መስመር ስለሚደርስባቸው የኤሌክትሪክ ንዝረት ተናገሩ። የከተማዋ ሐኪሞችም ቀርበው ጆሮ፣ ዓይን፣ እጅና ምላስ ያለ ፋታ በአንድነት የሚወጠሩበት ይህ ሥራ ነርቭን እንደሚጎዳ መሰከሩ። ከመቶ ዓመት በፊት የተነገረ ምስክርነት ነው። ዛሬ «ጭንቀት» ብለን በአዲስ ስም የምንጠራው ነገር ያን ጊዜም ታውቆ ነበር።

ከዚያ በ1911 ፍሬድሪክ ቴይለር «የሳይንሳዊ አመራር መርሆዎች» የተሰኘውን መጽሐፉን አሳተመ። የመጽሐፉ ፍሬ ነገር ማሰብና መሥራት ይለያዩ የሚል ነው፤ ማሰብ የአስተዳደሩ፣ መፈጸም የሠራተኛው። ቴይለር ይህን ያስተማረው በብረት ጫኝ ምሳሌ ነው፤ ጫኙ በቀን 12 ቶን ተኩል ይሸከም የነበረውን በታዘዘው መሠረት ሲያርፍና ሲነሣ 47 ቶን አደረሰው ይላል። ብረት ተሸካሚው የተወሰደበት የጡንቻው አዛዥነት ነው፤ ሲመሽ ወደ ቤቱ ሲሄድ ምላሱ የራሱ ነው። ያው መርህ ወደ ንግግር ሲዛወር ግን የተናጋሪው ሐሳብ ከአንደበቱ ተለየ። ይህ ከጡንቻ የጠለቀ ቦታ ነው።

ኦፕሬተሮቹ ዝም ብለው አልተሸከሙትም። በሚያዝያ 1919 በጁሊያ ኦኮነር መሪነት በኒው ኢንግላንድ ግዛቶች ወደ 8,000 የሚሆኑ የስልክ ኦፕሬተሮች ሥራ አቁመው አካባቢውን ለ6 ቀናት ያለ ስልክ አስቀሩት። በዚያን ጊዜ ስልኩን በጦርነቱ ምክንያት የያዘው የፌዴራል መንግሥት ስለነበር፣ አድማው የተደረገው በመንግሥት ላይ ነው ማለት ይቻላል። የደመወዝ ጭማሪና በማኅበራቸው በኩል የመደራደር መብት አግኝተው ተመለሱ። «ቁጥር እባክዎ» ከማለት በቀር እንዳይናገሩ የተከለከሉ ሴቶች የራሳቸውን ቃል የተናገሩት ሥራ ባቆሙባቸው በእነዚያ ቀናት ነው።

የኩባንያዎቹ የረጅም ጊዜ መልስ ግን ማሽን ሆነ። አልመን ስትሮውጀር የተባለ የካንሳስ ሲቲ ቀብር አስፈጻሚ አውቶማቲክ ማዞሪያ ፈልስፎ በ1891 የባለቤትነት መብት አግኝቶ ነበር። ኦፕሬተሯ ደንበኞቹን ወደ ተወዳዳሪው እያዞረችበት ተናድዶ ነው የፈለሰፈው ይባላል። ማሽኑ ቀስ በቀስ ተስፋፍቶ ኦፕሬተሮቹን ከወንበራቸው አስነሣ። የሚያስገርመው፣ ሰዎቹ ሲሄዱ ስክሪፕቱ አብሮ አለመሄዱ ነው። በ1967 በአሜሪካ ደዋዩ የማይከፍልባቸው ባለ 800 ቁጥሮች ተጀመሩ፤ በ1973 ሮክዌል የተባለው ኩባንያ ለአንድ አየር መንገድ ጥሪን በተራ የሚያከፋፍል ማሽን ሠራ። ይህ ለውጥ ትንሽ ይመስላል እንጂ ትልቅ ነው። ቀድሞ ኦፕሬተሯ ሽቦውን በእጇ ሰክታ ጥሪውን ትወስድ ነበር፤ አሁን ማሽኑ ጥሪውን ወደ ጆሮዋ ይልከዋል። ፍጥነቱን የሚወስነው ማሽኑ ሆነ።

በዚህ መካከል ሐኪሞችና ተመራማሪዎች የቶሮንቶውን ምስክርነት እንደገና እያገኙት ነበር። በ1956 ሉዊ ለ ጊያን የተባለ ፈረንሳዊ የአእምሮ ሐኪም በፓሪስ ኦፕሬተሮች ላይ ያየውን «የስልክ ኦፕሬተሮች ነርቭ ሕመም» ብሎ ጻፈ። ድካሙ እንቅልፍ ይነሣል፤ ቁጡ ያደርጋል፤ ከሁሉ የሚገርመው ደግሞ የሥራው ቃላት ከሥራ ውጭ ሳይታዘዙ ከአፍ መውጣታቸው ነው። ይህን ሳነብ አፈርኩም፣ ተጽናናሁም። እናቴ ከአገር ቤት በደወለችልኝ አንድ ሌሊት ከእንቅልፌ ባንኜ ስልኩን አንሥቼ የድርጅቱን ስም በእንግሊዝኛ ጠርቼ፣ ምን ልርዳዎት ብያታለሁ። ሳቀች፤ እኔ ግን ያን ሌሊት መልሼ አልተኛሁም።

ሮበርት ካራሴክ የተባለ ተመራማሪ በ1979 የአሜሪካንና የስዊድንን ሠራተኞች መረጃ መርምሮ ሥራ ስለበዛ ብቻ ሰው እንደማይጎዳ አሳየ። የሚጎዳው ብዙ እየተጠየቀበት በአሠራሩ ላይ የመወሰን ሥልጣን ያጣው ነው። ሥራ የሚበዛበት ግን የሚወስን ሰው ሊደክም ይችላል እንጂ እንደዚያኛው አይታመምም። በ1983 ደግሞ የሶሲዮሎጂ ምሁሯ አርሊ ሆክሽልድ የበረራ አስተናጋጆችንና ዕዳ ሰብሳቢዎችን አጥንታ ኩባንያዎች የሠራተኛውን ስሜት ራሱን እንደ ሸቀጥ እንደሚገዙ ጻፈች። የአንደኞቹ ፈገግታ፣ የሌሎቹ ቁጣ፣ ሁለቱም በትእዛዝ የሚወጣ ነው። በ1999 ፊል ቴይለርና ፒተር ቤይን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች የስኮትላንድን የጥሪ ማዕከሎች አጥንተው ሥራውን «በጭንቅላት ውስጥ ያለ የፋብሪካ መስመር» አሉት። ሁለት ዓመት ሠርቼ ያላገኘሁትን ስም እነርሱ አገኙለት።

በ1990ዎቹ መጨረሻ ሥራው ውቅያኖስ ተሻግሮ ወደ ሕንድ ሄደ፤ በ2010 አካባቢ ደግሞ በድምፅ አገልግሎት ፊሊፒንስ ሕንድን ቀደመች። በጉርጋኦንና በባንጋሎር የሚሠሩ ወጣቶች የምዕራባውያንን ቀን ለማስተናገድ ሌሊቱን ይነቁ ነበር፤ የአነጋገር ቅላጼያቸውን ያስተካክሉ፣ ብዙዎቹም የውጭ ስም ይዘው ይመልሱ ነበር። ከቃል ቀጥሎ ስምም ተወሰደ ማለት ነው። በአገራችንም ዛሬ 994 ብሎ ያልደወለ የከተማ ሰው አይገኝም፤ ባንኮቹም የየራሳቸው አጭር ቁጥር አላቸው። በመስመሩ ማዶ የምትመልሰው ልጅ ብዙ ጊዜ ዩኒቨርሲቲ የጨረሰች ወጣት ናት። አራት ዓመት እንድታስብ አስተምረናት፣ እንዳታስብ እንቀጥራታለን።

አሁን ወደ ተነሣሁበት ልመለስ። አበው «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» ይሉ ነበር። ተረቱ ጨካኝ ይመስላል፤ ፍሬው ግን ቃል እንደ ልጅ የተናጋሪው ነው፣ ተናጋሪውም ይጠየቅበታል የሚል ነው። ስክሪፕት የሚያፈርሰው ይህንን ነው። ቃሉን የጻፈው ሰው አይናገረውም፤ የሚናገረው ሰው አልጻፈውም። ደንበኛው የሚጮኸው ቃሉን ባልወለደችው ልጅ ላይ ነው፤ ወላጁ ግን የስድቡ ድምፅ በማይደርስበት ፎቅ ላይ ተቀምጦ የጥራት ነጥብ ያነብባል። ኃላፊነት በመካከል ይጠፋል። ሠራተኛዋን የሚያደክማት አንዱን ቃል 90 ጊዜ ማለቷ ብቻ አይደለም፤ አንዱንም የእኔ ነው ማለት አለመቻሏና ስለ ሁሉም ግን መሰደቧ ነው።

የእኔ ትውልድ ይህን ከጥሪ ማዕከል በፊት ያውቀዋል። በደርግ ዘመን በቀበሌ ስብሰባ ግራ እጃችንን አንሥተን ያልጻፍነውን መፈክር አሰምተናል፤ ማን እንደጻፈው አልጠየቅንም፤ ወደ ቤት ስንመለስ ግን ለመናገር እንኳ ደክሞን ነበር። ደርግ ወደቀ፤ የተጻፈ ቃል የሚያነብብ ሹም ግን አልጠፋም። ለአቤቱታ የሄደ ዜጋ በየመሥሪያ ቤቱ የሚሰማው «መመሪያው ነው» የሚለው ቃል የዚያው የስክሪፕቱ ታናሽ ወንድም ነው። መመሪያው ነው የሚለው ሰው ውሸቱን አይደለም። የጠፋው መመሪያው የእኔ ነው፣ ጠይቀኝ የሚል ሰው ነው።

ዛሬ ደግሞ ቀላሉን ጥሪ የኮምፒውተር ድምፅ እየወሰደው ነው። አንዳንዶች እሰይ፣ ሰው ከዚህ ሸክም ተገላገለ ይላሉ። የስትሮውጀር ታሪክ ግን እንድንጠነቀቅ ይመክራል። ማሽኑ ቀላሉን ሲወስድ ለሰው የሚቀረው የተቆጣው፣ ያዘነውና ያልተፈታው ጥሪ ነው፤ ለዚያም ያንኑ ስክሪፕት ከሰጠነው ሸክሙ ይከብዳል እንጂ አይቀልም። መድኃኒቱ ምሥጢር አይደለም። የቶሮንቶ ሴቶች በ1907 አውቀውት ነበር፤ አጭር ፈረቃ፣ በቂ ፋታ፣ የሚሰማ ማኅበር። ካራሴክ የጨመረበት አንድ ነገር ነው፤ የሚመልሰው ሰው የመወሰን ሥልጣን ይኑረው። ጽሑፉ ይኑር፤ ግን መንገድ ያሳይ እንጂ አፍ አይለጉም።

እኒያን እናት ፈልጌ ላገኛቸው አልችልም። ሥራውን የለቀቅሁት ከዚያ ምሽት ከአራት ወር በኋላ ነው፤ በዚያች ቀን ያልለቀቅሁት ደመወዙ ስለሚያስፈልገኝ ነበር፤ ይህን መሸሸግ አልፈልግም። ዛሬም አንድ መሥሪያ ቤት ደውዬ የተጻፈ ይቅርታ ሲነበብልኝ ቁጣዬን ውጬ ልጅቱን ስሟን እጠይቃለሁ። ከዚያም ይህን ውሳኔ የወሰነው ማን እንደሆነ፣ እርሱንም የማነጋግርበት መንገድ እንዳለ እጠይቃለሁ። አብዛኛውን ጊዜ ለዚህ ጥያቄ የተጻፈ መልስ የላቸውም፤ ዝም ይላሉ። ጥያቄው መቅረብ ያለበት ግን ለዚያ ለማይታየው ሰው ይመስለኛል።

ቸር ይግጠመን።